ከሁለት ያጣ ሙዚቃ፦ የሲኒክ ባንድ የበኩር አልበም

ሙዚቃን በጎራ ከፍሎ መስማት የለመደ ሰው ‹‹ይሄ የየትኛው ወገን ነው?›› ብሎ ሳይጠይቅ ጆሮውን አይሰጥም። በሴፕቴምበር 1993 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ የወጣው ‹‹ፎከስ›› የተባለ አልበም ፍዳውን ያየው በዚሁ ጥያቄ ነው። ሠሪው ሲኒክ የሚባል የማያሚ ባንድ ነው። 8 ዘፈን፣ 36 ደቂቃ ገደማ፤ በቃ ይኸው ነው።

ነገሩ እንዲገባን የዘመኑን ፍሎሪዳ እናስታውስ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ይህች ግዛት የዴዝ ሜታል መናኸሪያ ሆና ነበር። ዴዝ ሜታል ማለት ከሄቪ ሜታል ዘሮች እጅግ የከረረው ነው፤ ጊታሩ ዝቅ ተደርጎ ይቃኛል፣ ድራሙ እንደ መትረየስ ይንጣጣል፣ ዘፋኙ ያጓራል፣ ግጥሙም ከሬሳና ከመቃብር ብዙ አይርቅም። በታምፓ የነበረው የሞሪሳውንድ ስቱዲዮና የድምፅ ባለሙያው ስኮት በርንስ የዚህ ሙዚቃ አዋላጆች ነበሩ። ኦቢችዋሪም፣ ዲሳይድም፣ ዴዝ የተባለው ባንድም በዚያ በር ገብተው ወጥተዋል።

የሲኒክ ልጆችም የዚያው ቤት ልጆች ናቸው። ጊታር ተጫዋቹ ፖል ማስቪዳልና ድራመሩ ሾን ራይነርት በ1987 ባንዱን ሲያቋቁሙ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በ1991 ሁለቱም ቻክ ሹልዲነር ከሚመራው ከዴዝ ጋር ‹‹ሂዩማን›› የተባለውን ስመ ጥር አልበም ተጫወቱ። እንግዲህ የከረረውን ሙዚቃ የለወጡት ጠንቅቀው ስላወቁት ነው እንጂ ስላቃታቸው አይደለም። የራሳቸውን ሥራ ሊቀርጹ ሲሉ ደግሞ በኦገስት 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ደቡብ ፍሎሪዳን መታ፤ የመለማመጃ ቦታቸው ወደመ፤ ቀረጻውም ወደ ተከታዩ ዓመት ተላለፈ።

‹‹ፎከስ››ን የሚሰማ ሰው መጀመሪያ የሚደነግጠው በድምፁ ነው። አንደኛው ድምፅ ቶኒ ቲጋርደን የሚያጓራው ነው። ሁለተኛው ማስቪዳል በቮኮደር፣ ማለትም የሰውን ድምፅ የማሽን በሚያስመስል መሣሪያ፣ የሚዘምረው ነው። አውሬና ማሽን ይነጋገራሉ፤ ሰውየው የት ሄደ? ግጥሙም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ስለ ራስ፣ ‹‹ማያ›› ተብሎ በህንድ ፍልስፍና ስለሚታወቀው የዓለም መጋረጃ ይናገራል። ሬሳ የሚባል ነገር የለም! ሾን ማሎን ቤዙን እያንሸራተተ ዜማ ያወጣበታል፤ ራይነርት ከሚንጣጣው ምት መሐል ድንገት ወጥቶ እንደ ጃዝ ተጫዋች ሲምባሉን በእርጋታ ይነካካል፤ ማስቪዳልና ጄሰን ጎበል ጊታራቸውን አንዴ ያስጮሁታል፣ አንዴ እንደ ውሃ ያፈሱታል። እውነቱን ለመናገር ቮኮደሩ አንዳንድ ቦታ ይበዛል። ሆኖም ‹‹ጃዝ የተነሰነሰበት ሜታል›› የሚሉት ኀያስያን ነገሩን እንደ ሚጥሚጣ ነው ያዩት። እዚህ ጃዙና ጩኸቱ አይታረቁም፤ እየተጣሉ አብረው ይሄዳሉ፤ የቅርጹ ቅራኔ ከይዘቱ ቅራኔ የሚነጠል አይደለም።

ታዲያ በ1994 ባንዱ በአሜሪካ እየዞረ ሲጫወት ከማን ጋር አጣመሩት? ከካኒባል ኮርፕስ ጋር! ትርጉሙ ‹‹ሰው በላ ሬሳ›› ማለት ነው። ደም ሊሰማ የመጣ ታዳሚ የማሽን መዝሙር ሲቀርብለት ምን ይበል? የጃዝ አድማጩ በበኩሉ ከዴዝ ሜታል መደርደሪያ ሸክላ ፍለጋ አይሄድም። አልበሙ ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነ። በዚያው በ1994 ባንዱ ተበተነ።

ዛሬ ‹‹ከዘመኑ የቀደመ ሥራ ነበር›› ይባላል። ይሄ አባባል ለኔ የአድማጩን ጥፋት መሸፈኛ ነው። ‹‹ፎከስ›› የ1993 ሥራ ነው፤ ሌሎቹ በተቀረጹበት በዚያው በሞሪሳውንድ፣ በዚያው በስኮት በርንስ እጅ የተቀረጸ ነው። ዘመኑማ እዚያው ነበር፤ የጠፋው ጎራ ሳይጠይቅ የሚሰማ ጆሮ ነው።

ጆሮው ቀስ እያለ መጣ። በ2004 አልበሙ እንደገና ታተመ፤ በዚያው ዓመት በቺካጎ የተመሠረተ አንድ ባንድ ከአልበሙ የመጀመሪያ ዘፈን ‹‹ቬይል ኦቭ ማያ›› የሚለውን ስም ወሰደ። ሲኒክም ተመልሶ ተሰባስቦ ሁለተኛውን አልበም በ2008 አወጣ፤ ከ15 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ራይነርት በጃንዋሪ 2020፣ ማሎን በዚያው ዓመት በዲሴምበር አረፉ። ማስቪዳል በ2021 በሲኒክ ስም አዲስ አልበም ሲያወጣ ድራሙንም ቤዙንም የያዙት ሌሎች ነበሩ።