ከስላይድ ወደ ሠንጠረዥ፦ የዊስኮንሲን የጡት ካንሰር መረጃ ታሪክ



የማሽን ለርኒንግ ትምህርት የጀመረ ሁሉ 569 ረድፍ ያለውን የዊስኮንሲን የጡት ካንሰር ሠንጠረዥ ያውቃል። 212ቱ ካንሰር፣ 357ቱ ካንሰር ያልሆኑ ናቸው። ዛሬ የማነሣው ከቁጥሮቹ በስተጀርባ የነበረውን ምስል ነው።

በማዲሰን የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበሩት ዶክተር ዊሊያም ዎልበርግ፣ ከጡት እብጠት በቀጭን መርፌ የተቀዳውን ናሙና በማይክሮስኮፕ እየተመለከቱ ለዘጠኝ የሕዋስ ባሕርያት ከ1 እስከ 10 ነጥብ ይሰጡ ነበር። እንዲህ ያለው ነጥብ ግን በተመልካቹ ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከኦልቪ ማንጋሳሪያንና ከኒክ ስትሪት ጋር ሆነው ልኬቱን ለኮምፒውተር ሰጡት።

ሁሉንም ግን አልሰጡትም። በምስሉ ላይ የእያንዳንዱን ኑክሌየስ ዙሪያ በማውስ በግምት የሚያሠምረው ሰው ነበር፤ «እባብ» የተባለው ጥምዝ መስመር ከዚያ ተነሥቶ እየተጠጋ በትክክለኛው ድንበር ላይ ያርፋል። ከዚያም ሬዲየስን፣ ስፋትን፣ ለስላሳነትን የመሳሰሉ ዐሥር ልኬቶች ይወሰዳሉ። ለእያንዳንዱ ልኬት ሦስት ቁጥር ይመዘገባል፦ አማካዩ፣ መደበኛ ስሕተቱና «የከፋው» የተባለው፣ ማለትም የሦስቱ ትልልቅ እሴቶች አማካይ። በእኔ አመለካከት የሥራው ብልኀት በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። ካንሰር በሁሉም ሕዋስ ላይ እኩል አይታይም፤ ጥቂት የገዘፉ ኑክሌየሶች በብዙ ጤነኛ መሳዮች መካከል ሲገኙ አማካዩ ይውጣቸዋል። ልምድ ያለው ሐኪም ዓይኑን የሚያሳርፈው ደግሞ በእነዚያው ጥቂቶች ላይ ነው።

ምደባው ራሱ ቀላል ነበር። ከ30ው ቁጥሮች ሦስት ብቻ ተመረጡ፦ የከፋው ስፋት፣ የከፋው ለስላሳነትና የግራጫ ጥላው መለያየት አማካይ። በሦስቱ ሕዋ ውስጥ ሁለቱን ወገኖች የሚለይ አንድ ጠለል በሊኒየር ፕሮግራሚንግ ተሰላ። መረጃውን ዐሥር ቦታ ከፍሎ እያፈራረቁ በመፈተን የተገመተው ትክክለኛነት 97.5 በመቶ ነው። እስከ ኅዳር 1995 እ.ኤ.አ. ድረስም ተከታትለው የመጡ 176 አዳዲስ ታካሚዎችን በትክክል ለይቷል።

ሠንጠረዡ ለሕዝብ ሲለቀቅ የተጓዙት ቁጥሮቹና የምርመራው ውጤት ናቸው፤ በእጅ የተሠመረው ድንበር በውስጡ የለም። ስለሆነም በእርሱ ላይ አንድ ውስብስብ ዘዴ ከአንድ ጠለል በግማሽ በመቶ ቢበልጥ (እንዲህ የሚል የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ነው) ስለ ምስል ትንተና የሚነግረን እጅግ ጥቂት ነው። ከሌላ ሆስፒታል፣ በሌላ ቀለም የተነከረ ስላይድ ሲመጣ ሥራው የሚጀምረው ድንበሩን ከማግኘት ነው።