ልደትን የሚያከብሩና የማያከብሩ ጎረቤቶች

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናንና ምእመናት፤ የጌታችንንና የመድኃኒታችንን የኢየሱስ ክርስቶስን የልደት በዓል ባከበርን ቁጥር ከልጆቻችን አፍ አንድ ጥያቄ ይሰማል። «እኛ ዛሬ በዓል ነው ስንል ጎረቤታችን ስለ ምን ወደ እርሻው ይሄዳል?» ይሉናል። ብዙዎቻችንም «እርሱ የኛ ሃይማኖት አይደለም» ብለን እናልፋለን። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን አጭር ነው፤ አጭር መልስም ንቀትን ያስተምራል። ስለዚህ ዛሬ ነገሩን በታሪክ መንገድ ለመመርመር አስበናል።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚሰማበት አገር ወሎ ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን የሐይቅን ከተማ እናገኛለን። ከሐይቁም በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ከፍ ባለው ስፍራ፥ በተራሮች መካከል አርዲቦ ሐይቅ ተኝቷል፤ ከእርሱም የሚተርፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ ወደ ሐይቅ ይገባል። ከታች በሐይቅ፥ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ምዕት ዓመት ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። በአርዲቦ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ግን አብዛኛው የእስልምና ተከታይ ነው። ከላይና ከታች ያለው ውሃ አንድ እንደ ሆነ፥ ሕዝቡም በገበያ፥ በዕድርና በጋብቻ ዘመድነት የተያያዘ ነው። በታኅሣሥ ወር ግን ከሁለት ጎረቤታሞች አንዱ በዓል ሲያከብር ሌላው በሬውን ይጠምዳል።

ይህስ ስለ ምን ነው? ሙስሊሙ ጎረቤታችን የጌታን መወለድ ስለማያውቅ አይደለም። የቁርኣን 19ኛው ምዕራፍ «መርየም» ተብሎ በእመቤታችን ስም የተሰየመ ነው፤ እርስዋም ድንግል ሳለች እንደ ወለደች ይናገራል። ይሁን እንጂ እርሱን ነቢይ ይለዋል እንጂ የእግዚአብሔር ልጅ አይለውም። እኛ ደግሞ በልደት ቀን የምናከብረው የአንድ ነቢይ መወለድን ሳይሆን አምላክ ሰው መሆኑን ነው። እንግዲህ ይህን የማያምን ሰው በዓሉን ቢያከብር ያላመነውን መመስከሩ ነው። ባለማክበሩ ራሱን አልዋሸም፤ እኛንም አልናቀም። በእነርሱም ዘንድ ቢሆን ስለ ልደት በዓል ያለው አሳብ አንድ አይደለም። በወሎ በጀማ ንጉሥ የነቢያቸው ልደት መውሊድ ተብሎ በታላቅ ጉባኤ ሲከበር፥ ሌሎች ሙስሊሞች ደግሞ በነቢዩ ዘመን ያልነበረ ነው ብለው አያከብሩትም።

ከክርስቲያኖችም መካከል ልዩነት አለ። በሮም የጌታ ልደት ታኅሣሥ 25 ቀን በእነርሱ አቈጣጠር መከበሩን የሚያስረዳው ጥንታዊ ጽሑፍ ስለ 336 ዓመት እ.ኤ.አ. የሚናገር ነው። በምሥራቅ ግን ልደትና ጥምቀት በአንድ ቀን ይከበሩ ነበር፤ እኅታችን የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ እንዲሁ ታደርጋለች። እኛ ከመጋቢት 29 ቀን ከጽንሰቱ ጀምረን ወራቱን ቈጥረን ታኅሣሥ 29 ቀን እናከብራለን፤ ያለፈው ዓመት ጳጉሜን 6 ሆና ዘመነ ዮሐንስ ሲገባ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይሆናል። ምዕራባውያን በ1582 እ.ኤ.አ. የዘመን አቈጣጠራቸውን ስላረሙ በዓላቸው ከእኛ በ13 ቀን ይቀድማል። ይህ የቈጠራ ልዩነት እንጂ የእምነት ልዩነት አይደለም።

ጨርሰው የማያከብሩም አሉ። የይሖዋ ምስክሮች በዓሉ በመጽሐፍ አልታዘዘም በማለት ይተዉታል። ይህ አሳብ አዲስ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በ1647 እ.ኤ.አ. ፓርላማው የልደትን በዓል ሽሮ ነበር። በአሜሪካም በማሳቹሴትስ በ1659 እ.ኤ.አ. በዓሉን ያከበረ ሰው 5 ሺሊንግ እንዲቀጣ ታወጀ፤ ሕጉም እስከ 1681 እ.ኤ.አ. ቆየ። ምክንያታቸው ሁለት ነበር፤ አንደኛው ቀኑ በመጽሐፍ አልተጻፈም የሚል ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ሕዝቡ በዓሉን በስካርና በጭፈራ አረከሰው የሚል ነው። ለፊተኛው ቤተ ክርስቲያናችን ከአባቶች በተቀበለችው ሥርዓት መልስ አላት። ለኋለኛው ግን መልሱ ያለው በእያንዳንዳችን ቤት ነው።

እነሆ፥ በዓል በዐዋጅ ሲከለከል አየን። በዐዋጅ ሲታዘዝስ? ይህንም የወሎ አፈር ያውቀዋል።

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ሠራዊት እስከ ሐይቅ ደርሶ የገዳሙን ሀብት ወሰደ። በዚያ የመከራ ዘመን ብዙ ክርስቲያኖች ሰይፍ ፈርተው ሃይማኖታቸውን ለወጡ። ጊዜው ሲያልፍ ግን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን ብዙዎቹ ተመለሱ፤ ቤተ ክርስቲያንም መጽሐፈ ቄደርን እያነበበች በንስሐ ተቀበለቻቸው። አባቶቻችን በዚያን ጊዜ ሰይፍ አንገትን እንጂ ልብን እንደማያዞር በራሳቸው ሥጋ ተማሩ።

ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ፥ በ1870 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከአርዲቦ ብዙም በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ታላቅ ጉባኤ አደረጉ። የተከራከሩበት ነገር ይህ የዛሬው ነገራችን፥ የጌታ ልደት ነበረ። አንዳንዶች ሦስት ልደት ሲሉ፥ ጉባኤው ግን ሁለት ልደትን አጸና፤ ይኸውም ከዘመን አስቀድሞ ከአብ ያለ እናት፥ በኋለኛው ዘመንም ከድንግል ማርያም ያለ አባት መወለዱን ነው። ይህን እስከ ዛሬ እናምነዋለን፥ እናስተምረዋለንም። ነገር ግን በዚያው ጊዜ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ፥ ሹማምንቶቻቸውም ካልተጠመቁ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታወጀ። የወሎው ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ በኋላም ንጉሥ ሚካኤል ሆነው በክርስትናቸው ጸኑ። ሼኽ ጠልሃ ጃዕፈር ግን ዐዋጁን ተቃውመው ሕዝብ አስነሡ፤ ብዙዎች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ከቀሩትም ብዙዎች ቀን ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው ማታ በቤታቸው ይሰግዱ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ከወደቁ በኋላ፥ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ዐዋጁ ሲላላ አብዛኞቹ ወደ ቀደመ ሃይማኖታቸው ተመለሱ።

የተወደዳችሁ ሆይ፤ ይህን ታሪክ የምንናገረው ነገሥታትን ለመክሰስ አይደለም። ንጉሡ መንግሥታቸውን በአንድ ሃይማኖት አንድ ለማድረግ አሰቡ። ነገር ግን በእኛ ላይ በደረሰ ጊዜ ግፍ ያልነውን፥ በእጃችን በተደረገ ጊዜ ጽድቅ ልንለው አይገባንም። በግድ የተጠመቀው ሰው ታኅሣሥ 29 ቀን ከሕዝቡ ጋር ቆሞ በነበረ ጊዜ ልደት በእውነት ተከበረን? አልተከበረም። በዚያ ቀን ከእርሱ ይልቅ በአርዲቦ ዳር ማረሻውን ይዞ ያረሰው ጎረቤት ለእግዚአብሔር እውነቱን ተናግሯል።

የወሎ ሕዝብ ከዚህ መከራ በኋላ ሊቃውንት ያላስተማሩትን ጥበብ አገኘ። ክርስቲያኑ በበዓሉ ሙስሊሙን ሲጠራ፥ በሃይማኖቱ ሥርዓት የሚባርክለትን ሙስሊም አስመጥቶ የእንግዳውን ሥጋ ለብቻው ያሳርዳል፤ ሙስሊሙም በዓረፋው እንዲሁ ያደርግለታል። አንዱ የሌላውን እምነት አይወስድም፤ አንዱም ያለ ሌላው ደስታውን አይጨርስም። በመንግሥት ሕግ ግን ይህ እኩልነት ዘግይቶ መጣ። ልደት ሥራ የሚዘጋበት በዓል ሆኖ ሲኖር፥ ሙስሊሞች በሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በሰልፍ ከጠየቁና መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ነው በዓሎቻቸው የአገር በዓል የሆኑት።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት በ14ኛው ምዕራፍ፥ አንዱ ቀንን ከቀን አብልጦ ቢያከብር ሌላው ቢያስተካክል እያንዳንዱ በልቡ ይረዳ ዘንድ ይመክራል። ጌታ በቤተ ልሔም በተወለደ ጊዜም ሰብአ ሰገል ማንም ሳያስገድዳቸው ከሩቅ አገር መጥተው ሰገዱ። በዚያ ታሪክ በሠራዊትና በትእዛዝ የተጠቀመው ሄሮድስ ብቻ ነው። እንግዲህ የበዓሉን ክብር ከሰብአ ሰገል ወገን ሆነን እንጠብቅ እንጂ ከሄሮድስ ወገን አንሁን።

ስለዚህ ልጆቻችን ሲጠይቁን እንዲህ እንበላቸው፦ «ጎረቤታችን ያላመነውን አያከብርም፤ እኛም ያመንነውን እናከብራለን፤ ሁለታችንም አንዋሽም»። ከዚያም የነቢያትን ጾም ከኅዳር 15 ቀን ጀምረን በሚገባ ጾመን፥ ሌሊቱን በማኅሌትና በቅዳሴ አድረን፥ ለተራበው አካፍለን፥ ያመንነውን በሥራ እናሳይ። በዓላችን በስካር ካለፈ ግን የማያከብረውን ሰው ለመውቀስ ምን አፍ አለን?

የሰላም አለቃ የሆነው ጌታ የአገራችንን ልጆች በፍቅር ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።