የጭን መንገደኞች

እኛ አገር የሕፃን ልጅ ቦታው ጭን ነው። ከአዳማ ሞጆ፣ ከሞጆ ባቱ በሚኒባስ የሄደ ያውቀዋል፤ እናት የአንድ ሰው ከፍላ ሁለት ታቅፋለች፣ ረዳቱም «ጠጋ ጠጋ!» ይላል።

በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ባቡር መጀመሪያ ላይ በሌሊት አይጓዝም ነበር። ከጅቡቲ የተነሣ ሰው ድሬዳዋና አዋሽ አድሮ፣ አዳማን አልፎ በሦስተኛው ቀን ነው ሸገር የሚደርሰው። ያለው ልጆቹን ይዞ ሆቴል ያድራል፤ የሌለው እንግዲህ እግዜር ያውቃል። በ2010 ዓ.ም. መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው አዲሱ ባቡር ግን ባለ ስድስትና ባለ አራት አልጋ ክፍሎች ይዞ መጣ። አምስት ሆኖ የተነሣ ቤተሰብ ወይ ይለያያል፣ ወይ ከማያውቁት ሰው ጋር ይጓዛል። አምስተኛዋ ጨቅላ ከሆነችስ? እኛማ መልሱን እናውቀዋለን፤ ጭን!

የባሕር መዝናኛ መርከቦች ይህን አይቀበሉም። የስድስት ወር ሕፃንም እንደ አንድ ሰው ይቆጠራል፤ በባለ አራት ክፍል አምስተኛ ሆኖ አይገባም። ነገሩ ገንዘብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. በ1912 ስትሰጥም 2 ሺህ 200 ያህል ሰው አሳፍራ ነበር፤ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚይዙት ግን 1 ሺህ 178 ነው። በ1914 ለንደን ላይ የተፈረመው ስምምነት ጀልባው ለተሳፈረው ሁሉ እንዲበቃ ጠየቀ። ለዚህ ደግሞ ሕፃኑም መቆጠር አለበት።

በእኛ መንገድ ረዳቱ ሒሳብ ሲሰበስብ የጭኖቹን ይዘላቸዋል። ትርፍ ሰው ሲፈተሽም እንዲሁ ሲታለፉ አይቻለሁ። ሲቆጠሩ ያየሁት አንዴ ብቻ ነው፤ ሞጆ መንገድ ላይ፣ ሚኒባሱ ተገልብጦ።