ሜዳው የሰየማት ከተማ፦ የድሬ ዳዋ ስያሜና የሳቢያን ምድር

ሳቢያን በድሬ ዳዋ ከተማ ምዕራባዊ ክፍል፣ ከሐረርጌ ደጋ ተዳፋት ግርጌ ተነሥቶ ወደ ሽኒሌ ቆላ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ የሚገኝ ሰፈር ነው። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ሜዳ እንደሆነ በብዙዎች ይታመናል፤ «ድሬ» በኦሮምኛ ሰፊና ገላጣ ሜዳ ማለት ነውና። ስለ ስያሜው ሁለተኛ ክፍል ግን አንድ ዓይነት ትርጓሜ የለም፤ አንዳንዶች «ዳዋ»ን መድኃኒት ከሚለው የዓረብኛ ቃል ጋር በማያያዝ «የመድኃኒት ሜዳ» ሲሉ ይፈቱታል። በሶማሌዎች ትውፊት ደግሞ መላው ስም የድር ጎሣ አባት የሆነው ድር ጦሩን የተከለበትን ስፍራ ያመለክታል።

ከተማዋ የተቆረቆረችው በባቡር ምክንያት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መሥመር የመዘርጋት ፈቃድ ሲሰጡ መሥመሩ ሐረርን እንዲነካ ታስቦ ነበር፤ ሆኖም ሐዲዱን ወደ ደጋው ማውጣት እጅግ አስቸጋሪና ውድ በመሆኑ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ ባለው ሜዳ እንዲያልፍ ተወሰነ፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡርም በ1895 ዓ.ም. ከዚህ ደረሰ። አዲሲቱ ከተማ ደጋ ላይ የቀረችውን የንግድ ከተማ እንድትተካ ታስቦ «አዲስ ሐረር» ተብላ ተሰየመች። ነጋዴው፣ ግመል ነጂውና የባቡር ሠራተኛው ግን ነባሩን ስም መጥራታቸውን አልተዉም፤ በመጨረሻም «አዲስ ሐረር» ከመዝገብ ሳያልፍ ቀረ።

የሰፈሮችና የአካባቢ ስሞችም በአብዛኛው የመሬቱን ጠባይና የነዋሪውን ቋንቋ ይከተላሉ። በገንደ ቆሬ ውስጥ ያለው «ገንደ» መንደር፣ በመልካ ጀብዱ ውስጥ ያለው «መልካ» ደግሞ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ከዚራና መጋላ የተባሉትን የከተማዋን ሰፈሮች የሚለየው ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ሆኖ ሰው የሚመላለስበት ሲሆን፣ በደጋው ዝናብ ሲጥል ግን በድንገት የሚሞላ ወንዝ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል።

ሳቢያን የዚሁ ውኃ ሌላ ገጽ የሚታይበት ስፍራ ነው። ከደጋው የሚሰርገው ዝናብ በድንጋይና በደለል ውስጥ አልፎ ከሜዳው ሥር ስለሚጠራቀም፣ የሳቢያን ጥልቅ ጉድጓዶች የከተማዋ ዋነኛ የመጠጥ ውኃ ምንጭ ሆነዋል። ውኃው በኖራ ድንጋይ ውስጥ ስለሚያልፍ ማዕድን ይበዛበታል፤ በማንቆርቆሪያና በጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊትም ከዚህ የሚመጣ ነው። «አዲስ ሐረር» የሚለው ስያሜ ከተማዋን የሌላ ከተማ ምትክ አድርጎ ያስተዋውቃል፤ «ድሬ» ግን ሐዲዱን ወደ ቆላ የሳበውንና ነዋሪውን ውኃ የሚያጠጣውን ሜዳ ራሱን ስለሚጠራ ከሹማምንት ምርጫ በላይ ጸንቶ ኖሯል።