ውጅግራና ርቀት

በኦክላንድና በሳን ሆዜ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ የሚሰቀለውን የዐድዋ ሥዕል ልብ ብላችሁ ካያችሁት፣ ሁለቱ ጦር አፍንጫ ላፍንጫ ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ሠዓሊው ርቀትን አጥፍቶታል። ለመሆኑ ተኳሹ ከጠላቱ ምን ያህል ይርቅ ነበር?

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በአሜሪካ ገበያ ይሸጣሉ። ከእነዚህ አንዱ ውጅግራ ነው፤ ስሙ «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስያሜ በእኛ አፍ ተለውጦ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874 ሞዴል፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 የተሠራውን «ጥንታዊ» ብሎ ለይቶ ስለሚያየው ብዙ ጀማሪዎች ወደዚህ ይሳባሉ።

የውጅግራ እርሳስ 25 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከአፈሙዙ የሚወጣው በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ነው። 500 ሜትር ለመድረስ ከአንድ ሴኮንድ በላይ ይፈጅበታል፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ከ5 ሜትር በላይ ወደ ምድር ይወርዳል። ስለዚህ ማነጣጠሪያው ከፍ ይደረጋል፤ ርቀቱን በ50 ሜትር ያሳሳተ ዒላማውን ይስታል። ከተኮሰ በኋላም ነጭ ጢስ ዓይኑን ይጋርደዋል። ጀማሪ መጀመሪያ ጠመንጃውን ለባለሙያ ያስመርምር፤ ጢስ አልባ ባሩድ ፈጽሞ አያግባበት፤ በ100 ሜትር ይጀምር፤ ጥቁር ባሩድ ብረት ስለሚበላ በዚያው ቀን በውኃ ያጽዳው፣ ዘይትም ይቀባው።

ጠመንጃው ሩቅ መምታት ይችላል። በአገራችን ግን ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገበያ የሚመነዘርበት ዘመን ነበር። ሩቅ መተኮስ ገንዘብ መበተን ነው፤ ታጣቂው ቀረብ ብሎ መተኮስን የመረጠው ከጀግንነቱ ይልቅ ከሂሳቡ ይመስለኛል። (ፎካሪዎች ይቅር ይበሉኝ።) ርቀት የሌላውን ወገን ሲያገለግል ምን እንደሚያደርግማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1868 አሮጌ ላይ ታይቷል፦ ከመቅደላ በታች፣ ከኋላ በሚጎርሰው ስናይደር ፊት የቴዎድሮስ ወታደሮች በመቶዎች ሲወድቁ፣ ከእንግሊዞች የሞተው በጣት የሚቆጠር ነበር። ከሰባትና ከስምንት ዓመት በኋላ በጉንደትና በጉራዕ ግብፆች የያዙት ሬሚንግተን ከድሉ ጋር በዮሐንስ ጦር እጅ ገባ።

ከሻጭ ውጅግራ የሚገዛ ወገኔ ካለ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት አይፈቅፍቅ። ገዢዎች ለማሳመር የሚያጠፉት ያ ጭረት ወይም መስቀል የባለቤቱ ምልክት ሊሆን ይችላል፤ በመዝገብ ስሙ ላልሰፈረ ሰው ደግሞ ሌላ ጽሑፍ የለውም። ቁጥሩንና ምልክቱን በፎቶ ያስቀምጥ፣ ከዚያ ይተኩስ።