የሞት ቅጣትና የተከለከለ ንግድ፤ ከፖርት ቤል ታሪክ የሚገኝ ትምህርት

ከካምፓላ ከተማ በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር፥ ፖርት ቤል የሚባል ወደብ አለ። ስሙን ያገኘው ከ1906 ዓ.ም. ጀምሮ (ዘመኑ ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው) ኡጋንዳን ካስተዳደረው ከእንግሊዛዊው ከሄስኬት ቤል ነው። ከወደቡ አጠገብ የሉዚራ ወኅኒ ቤት ይገኛል፤ ይሙት በቃ የተፈረደባቸው ሰዎች የሚጠበቁትም በዚያ ነው። የንግድ በርና የሞት ፍርድ እንዲህ ጐረቤት የሆኑበት ስፍራ፥ ሕግ አውጪዎች በተከለከለ ንግድ ላይ፥ ይልቁንም በአደንዛዥ ዕፅ ላይ፥ የሞት ቅጣት ስለ ምን እንደሚደነግጉ ለመመርመር ይረዳናል።

ኢዲ አሚን በ1971 ሥልጣን ከያዘ በኋላ፥ በ1972 አብዛኛውን ንግድ ይዘው የነበሩትን እስያውያን ከሀገር አስወጣ። ስኳር፥ ጨውና ሳሙና ከገበያ ጠፋ። መንግሥት ለቡና የሚከፍለው ዋጋ ስላነሰም ቡናው በስውር ወደ ኬንያ ይሻገር ጀመር፤ ሕዝቡም ይህን ንግድ «ማጌንዶ» አለው። በ1975 የኤኮኖሚ ወንጀል ልዩ ፍርድ ቤት በዐዋጅ ተቋቋመ። ወታደሮች ዳኞች ሆኑ፤ ዕቃ ለሸሸገ፥ ከዋጋ በላይ ለሸጠና ኮንትሮባንድ ላሻገረ እስከ ሞት የሚደርስ ቅጣት ተደነገገ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ግን የብራዚልን ቡና ውርጭ ስለ መታው የዓለም ዋጋ እጅግ ናረ፤ ትርፉም ፍርሃቱን አሸነፈው። አሚን በ1979 ሲወድቅ ማጌንዶ አልወደቀም።

ይህ የአንድ አምባገነን ቍጣ ነው ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚያው በ1975 የሲንጋፖር ምክር ቤት ከ15 ግራም በላይ ሄሮይን ያዘዋወረ ሁሉ በሞት እንዲቀጣ ሕጉን አሻሻለ። የሕግ አውጪዎቹ አሳብ እንዲህ ነው፤ ነጋዴው የሚያስበው ትርፉን ነውና፥ ጉዳቱ ከትርፉ እንዲበልጥ ማድረግ ይገባል፤ ብዙ መርከብ የሚያልፍባት ትንሽ ከተማም ወጣቶችዋን መጠበቅ አለባት። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን የሲንጋፖር ኬላ የጠበቀ፥ ፖሊሷም በጉቦ የማይደለል ስለ ሆነ፥ ሥራውን የሠራው ገመዱ ነው ወይስ ጥበቃው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደግሞም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ድኻው ተሸካሚ እንጂ የዕቃው ባለቤት አይደለም። ሲንጋፖር ራሷ በ2012 ተሸካሚ ብቻ ለሆኑት ዳኛው በአንዳንድ ሁኔታ ቅጣቱን እንዲያቀል ፈቀደች፤ ማሌዢያም በ1983 ያወጣችውን የግዴታ የሞት ቅጣት በ2023 አስቀረች።

ኡጋንዳም ከታሪኳ ተምራለች። በ417 ፍርደኞች አቤቱታ ላይ የበላይ ፍርድ ቤቷ በ2009 የግዴታ የሞት ቅጣትን ከሕገ መንግሥት ጋራ የሚቃረን ነው ብሎ ሻረ። የዛሬው የዕፅ ሕጓ ቅጣት እስራትና መቀጮ ነው፤ በ2004 በወጣው በእኛም የወንጀል ሕግ እንዲሁ ነው።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ ይህ ይመስለኛል። ኬላን ማጥበቅ፥ ዳኛን ማሠልጠን፥ ዋጋን ማስተካከል ዓመታት ይፈጃል፤ ዐዋጅ ግን በአንድ ቀን ይጻፋል። መንግሥት ወንጀለኛውን ለመያዝ ዐቅም ሲያንሰው የቅጣቱን ክብደት ይጨምራል። ኢጣሊያዊው ቤካሪያ በ1764 እንዳስተማረው ግን፥ ወንጀልን የሚገታው የቅጣት ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ የማይቀር መሆኑ ነው። እኛ መምህራንም ይህን ከክፍላችን እናውቀዋለን፤ አንድ ቀን በብርቱ ገርፎ ወር ሙሉ ከሚዘነጋ መምህር ይልቅ፥ ዕለት ዕለት የሚከታተለው ይከበራል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን የነገ ሕግ አውጪዎች ናቸውና፥ ከባድ ቅጣት በታወጀ ጊዜ «ይህ ዐዋጅ የቆመው ባልተሠራ በየትኛው ሥራ ፋንታ ነው?» ብለው መጠየቅን ከእኛ ሊማሩ ይገባል።