ሥራ፣ ቤተሰብና ሦስተኛ ዲግሪ፦ የጥናት ዘመን በምን ይለካ?

ኮራል ስፕሪንግስ በካልጋሪ ከተማ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ዙሪያ የተሠራ የመኖሪያ ሰፈር ነው። የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ያለው ደግሞ በተቃራኒው፣ በሰሜን ምዕራብ ነው። መኪና የሌለው ተማሪ ከሰፈሩ በአውቶቡስ ማክናይት ዌስትዊንድስ ጣቢያ ይደርሳል፤ በሰማያዊው መስመር ባቡር መሀል ከተማ ይገባል፤ እዚያ ወርዶ ቀዩን መስመር ይይዝና ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ይወርዳል። ደርሶ መልሱ በቀላሉ ሁለት ሰዓት ይበላል። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በመጋዘን ሺፍት ላይ ላደረ ሰው ሁለት ሰዓት ማለት የዕለቱ ንባብ በሙሉ ነው። እንዲህ ያለው ተማሪ ጥናቱን ሳይጨርስ ሲቀር ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ጽናቱ ነው። የዚህ ጽሑፍ ክርክር ግን ሌላ ነው። ቤተሰብ እያስተዳደሩ ለሦስተኛ ዲግሪ የሚማሩትን በዋናነት ወደ ኋላ የሚያስቀራቸው ዩኒቨርሲቲዎችና ገንዘብ ሰጪ ተቋማት የጥናቱን ዘመን የሚቆጥሩበት መንገድ ነው። ያለፉት ዓመታት ይቆጠራሉ፤ ለጥናቱ የዋለው ሰዓት አይቆጠርም።

ከገንዘቡ እንጀምር። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 በጀቱ በውድድር የሚሰጠውን የዶክትሬት ድጎማ በዓመት 40,000 ዶላር እንዲሆን ወሰነ። ከዚያ በፊት በማኅበራዊና ሰብአዊ ሳይንስ የተለመደው ድጎማ 20,000 ዶላር ስለነበረ ውሳኔው ሊመሰገን ይገባዋል። በአልበርታ እ.ኤ.አ. በ2018 የተደነገገው ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው፤ በዚህ ሒሳብ በሳምንት 40 ሰዓት ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው ከግብር በፊት 31,200 ዶላር ያገኛል። ድጎማው ብቻውን ለሚኖር ወጣት ያወላዳል ማለት ነው። ሆኖም ውድድሩን የሚያልፉት ጥቂቶች ናቸው፤ መጠኑም ልጅ ለሌለውና ሦስት ልጆች ለሚያሳድገው አንድ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ የቤተሰብ ኃላፊ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው የአንድ ቤት ወጪ ብቻ አይደለም። የቤት ብድሩ፣ የመኪና ኢንሹራንሱ፣ የማሞቂያው ጋዝ ከተከፈለ በኋላ ለእናት መድኃኒት፣ ለታናሽ ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ ወደ ደሴ ወይም ወደ ጎንደር የሚላክ አለ። የዕቁቡም ቀን ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከድጎማው ስሌት ውጭ ነው፤ ሥራን ደግሞ የማይቀር የሚያደርገው ይኸው ነው።

የዘመን ቆጠራው ችግር የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ አንድ የዶክትሬት ተማሪ በ4 ዓመት ገደማ እንዲጨርስ ይጠበቃል፤ የመጨረሻው ገደብ 6 ዓመት ነው። በሳምንት 40 ሰዓት ለጥናቱ የሚሰጥን ተማሪ በሳምንት 20 ሰዓት ብቻ መስጠት ከሚችል ሠራተኛ ጋር እናነጻጽር። ሠራተኛው በ6 ዓመት ውስጥ የሚሰጠው ሰዓት ሌላው በ3 ዓመት ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። ለሁሉም እኩል ይመስል የነበረው ገደብ፣ ሙሉ ጊዜውን ከሚያጠናው እንኳ ከሚጠበቀው 4 ዓመት ባነሰ ጊዜ ጨርስ እያለው ነው። የፌዴራሉም ድጎማ በመሠረቱ የተዘጋጀው ሙሉ ጊዜያቸውን ለሚማሩ ነው። ለሕመም፣ ለአካል ጉዳትና ለልጅ እንክብካቤ ልዩ ፈቃድ አለ፤ ለወላጅነት ፈቃድም እስከ 12 ወር ክፍያ ይሰጣል። እነዚህ ብዙ ታግለው የተገኙ መብቶች ናቸው። ነገር ግን ደንቡ ልጁን ማቀፍን በምክንያትነት ሲቀበል ለልጁ እንጀራ ማምጣትን አይቀበልም። ይህን ልዩነት በአመክንዮ ማስረዳት ከባድ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ አገሮች አሉ። በብሪታንያ የመንግሥት የምርምር ድጎማ ቢያንስ የሙሉ ጊዜውን ግማሽ ለሚያጠና ተማሪ በዚያው ልክ ተከፋፍሎ ይሰጣል፤ ዘመኑም አብሮ ይረዝማል። በኖርዌይ የዶክትሬት ተማሪ ባብዛኛው ደመወዝና ጡረታ ያለው ተቀጣሪ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ግን አዲስ አበባ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 ከተቋቋመ ወዲህ፣ በየክልሉ የተከፈቱት ዩኒቨርሲቲዎች መምህራኖቻቸውን ለሦስተኛ ዲግሪ ሲልኩ ደመወዛቸውን ሳያቋርጡ ነው፤ መምህሩም ተመልሶ የማገልገል ውል ይፈርማል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ተማሪው ቤተሰብ እንዳለው ከመነሻው ይቀበላልና። ያዳከመው የደመወዙ አቅም ማነስ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 የዩኒቨርሲቲ መምህራንን ለሥራ ማቆም ያበቃው የኑሮ ውድነት፣ ቤተሰቡን ባሕር ዳር ትቶ አዲስ አበባ ቤት የተከራየውን ተማሪ በሁለት ወገን ይመታዋል። ማታ በግል ኮሌጅ ማስተማር የሚጀምረው ያኔ ነው፤ እዚያም ቢሆን በወረቀት ላይ ሙሉ ጊዜ የተባለው ጥናት በተግባር የትርፍ ሰዓት ሥራ ይሆናል። ካልጋሪ ያለው ወገኑ ዘንድ ደመወዙ ሲኖር ጊዜው የለም፤ አዲስ አበባ ላይ ጊዜው በሕግ ሲኖር ደመወዙ አይበቃም።

ለዚህ ክርክር የሚሰነዘረው ጠንካራ መቃወሚያ ምርምር ሙሉ ሰው ይፈልጋል የሚለው ነው። በቤተ ሙከራ ለሚሠሩ ዘርፎች እውነትነቱ አያጠራጥርም፤ የሕዋስ እርባታ ሺፍት እስኪያልቅ አይጠብቅም። በታሪክ፣ በሥነ ልሳን፣ በትምህርት ጥናትና በብዙ የኅብረተሰብ ጤና ሥራዎች ግን አብዛኛው ድካም ንባብ፣ ቃለ መጠይቅና ጽሕፈት ነው። እነዚህ መቋረጥ የሌለበት ሰዓት እንጂ መቋረጥ የሌለበት ዓመት አይጠይቁም። የአልበርታው አታባስካ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2008 የርቀት ትምህርት ዶክትሬት የጀመረው በሥራ ላይ ያሉ ሰዎች ከሥራቸው ሳይነሡ ይችሉታል ብሎ ነው። ዘመኑ ሲረዝም ጥናቱ ያረጃል፣ አማካሪውም ጡረታ ይወጣል የሚለው ሥጋትም ተገቢ ነው። መልሱ በየዓመቱ የሚገመገም የጽሑፍ ድርሻና ገና ከመጀመሪያው የተመደበ ሁለተኛ አማካሪ ነው። ወጪውን በተመለከተ፣ የ4 ዓመት ድጎማ በ8 ዓመት ተከፋፍሎ ሲሰጥ ድምሩ ያው ነው፤ የሚጨምረው የአስተዳደርና የአማካሪ ጊዜ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ ሰፈሩ ውስጥም የሚነሣ ነው፦ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ጥያቄው ማስረጃ አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ የካናዳ ኮንፈረንስ ቦርድ ጥናት ሦስተኛ ዲግሪ ካላቸው ሰዎች የሙሉ ጊዜ ፕሮፌሰር ሆነው የሚሠሩት ከ5 አንድ እንኳ እንደማይሞሉ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕዝብ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ የመንግሥት ጥናትም ከካናዳ ታክሲ ነጂዎች መካከል ዶክትሬት ወይም የሕክምና ዲግሪ ያላቸው 200 ያህል ስደተኞችን አግኝቷል። እነዚህ አኃዞች ግን ሥራውን ትቶ ዲግሪውን ብቻ ይዞ መውጣት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ነው የሚያስረዱት። በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠራ ነርስ ስለ አረጋውያን የሌሊት እንክብካቤ የመመረቂያ ጽሑፏን ብትጽፍ፣ ስትመረቅ የሥራ ቦታዋም፣ የሥራ ዘመኗም፣ ደመወዟም አብረዋት አሉ። የፕሮፌሰርነት ቦታ ባይገኝ ጥናቷ ተግባር ላይ የሚውልበት ክፍል ያው ስትሠራበት የቆየችው ነው።